ይቅርታ፣ አልገባኝም

ጥርስ ሐኪሙ ነገሩን መጀመሪያ የነገረው መልስ መስጠት ለማይችል ሰው ነበር። በሽተኛው ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ ጉንጩ በጥጥ ተወጥሮ፣ የምራቅ መምጠጫዋ ቱቦ ከከንፈሩ ጥግ እያንቋረረች፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሏል። ሐኪሙ ደግሞ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ሥራ መፍታት የማይወድ ሰው ነው። «ከመጪው ወር ጀምሮ ስልክ የሚያነሳልን ማሽን ነው» አለ፣ መሰርሰሪያውን እየቀየረ። «ቀጠሮ ይይዛል፣ ያስታውሳል። አይታመም፣ አያረፍድ፣ አይነጫነጭ።» በሽተኛው «አህ» አለ። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊሞክሩት ይመጣሉ። ለእሷ ግን እስካሁን አልነገርኳትም። በምን አፌ ልንገራት?» በሽተኛው «አህ፣ አህ» አለ። አዝኖ ይሁን አሞት የሚለይ አልነበረም።

«እሷ» የተባለችው የራጅ ፖስታ ይዛ በሩ ሥር ቆማለች። የክሊኒኩ ስልክ ተቀባይ ናት፣ የሐኪሙም ታላቅ እህት። ይህን እንደሰማች እንደ ድመት በጣቷ እየረገጠች ወደ ኋላ ተመለሰች። ኮሪደሩ ጫፍ ስትደርስ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ከዚያ ተረከዟን እያንኳኳች እንደ አዲስ መጣች። «ዶክተር፣ ራጁ ደርሷል» አለች። በሽተኛ ፊት «ዶክተር» ነው የምትለው፤ ቤት ሲገቡ ግን አርባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቢቀረውም «አንተ ልጅ» ነው። «አመሰግናለሁ፣ እታለም» አለ እሱ ቀና ሳይል። በሽተኛው አፍ ውስጥ የጠፋበት ዕቃ ያለ ይመስል አንገቱን ደፍቶ መፈለጉን ቀጠለ።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ተቀመጠች። የእንግዳ መቀበያው ክፍል ስድስት ወንበርና አንድ የሚስቅ ጥርስ የተሳለበት ሥዕል አለው። ከወንበሮቹ አንዱ እግሩ ስላጠረ አዲስ በሽተኛ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ነባሮቹ ያውቁታላ። ጠረጴዛዋ ላይ ስልክ፣ ላጲስ፣ በመቀረጽ ብዛት አጥራ አውራ ጣት ያከለች እርሳስ፣ እና ከእሷ በቀር ማንም አንብቦ የማይረዳው የቀጠሮ መዝገብ ተደርድረዋል። ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ለሚመጣ ሰው ሁለት ሰዓት ብላ ነው የምትቀጥረው፤ ከስሙ አጠገብ ትንሽ ቀንድ አውጣ ትስልበታለች። መርፌ የሚፈራው አጠገብ ነጥብ አለ። ወሬ የሚያበዛው ሰው ከምሳ በፊት አይቀጠርም። እና ያን ቀን ጠዋት መዝገቡን ገልጣ ብታይ ፊደሉ ሁሉ ተቀላቀለባት። የከነከናት የማሽኑ መምጣት አልነበረም። ማሽን ይመጣል፣ ሲሰለቸው ይበላሻል። የከነከናት ወንድሟ ነገሩን ለእሷ መንገር አቅቶት ጥጥ ለጎረሰ ሰው መንገሩ ነው። አንድ ግቢ ይኖራሉ፣ ጠዋት ጠዋት በአንድ ታክሲ ይመጣሉ፤ ዛሬም ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ታክሲው መስኮት አለመዘጋት ሲያወሩ ነው የመጡት።

ይሁን እንጂ እሷም ብትሆን ንጹሕ አልነበረችም። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ «ጉልበቴን ልታሽ» ብላ ትወጣለች። ወንድሟም «በርቺ፣ ጉልበት እኮ አንዴ ከሄደ አይመለስም» እያለ ይሸኛታል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ጉልበቷን ያሸ ሰው ግን የለም። ሁለት መንገድ አቋርጣ፣ ከቀለም መሸጫው በላይ ሦስተኛ ፎቅ ትወጣና፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ አሥራ አንድ ወጣቶች ጋር ኮምፒዩተር ፊት ትቀመጣለች። የሚማሩት «ሰሚ» ለሚባለው ለአዲሱ ተናጋሪ ማሽን ፕሮግራም መሥራት ነው። ሰሚ ብርጭቆ የምታህል ክብ ነገር ናት፤ ስሟን ሲጠሯት አናቷ ላይ ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ከዚያ የጠየቋትን ትመልሳለች፣ ያውም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መልሱን አስተምሯት ከሆነ። ያ «አንድ ሰው» መሆን ነበር የተመኘችው። የትምህርቱ ማስታወቂያ መብራት እንጨት ላይ ተለጥፎ ስታይ «ከማሽን ጋር መነጋገርን ይማሩ» ይላል፤ ዘጠኝ ዓመት በስልክ ከሰው ጋር ስትነጋገር የኖረች ሴት ማሽንማ ምን ያቅታታል ብላ ተመዘገበች። እስከዚያ ሐሙስ ጠዋት ድረስ ነገሩ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። አሁን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ደረጃውን ስትወጣ ነው የታያት፦ ለካ የሚታረድበትን ቢላ ሲስል የከረመ በግ ሆናለች።

ክፍሉ ከታች በሚመጣው የቀለም ሽታ ያዞራል። መምህሩ ቀጭን፣ ዝምታ የሚያስፈራው ወጣት ነው፤ ተማሪዎቹን ሁሉ «አንተ»ና «አንቺ» ሲል እሷን ብቻ «እርስዎ» ይላል። ልጆቹ ግን ስም አውጥተውላታል፤ እትዬ ቅንፍ። ፕሮግራም ስትጽፍ ቅንፍ ትከፍትና መዝጋቱን ትረሳዋለች፤ ማሽኑ ደግሞ ቅንፍ ካልተዘጋ እንደ አኮረፈች ምራት ጭጭ ነው የሚለው። ያን ቀን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰሚን የሠራው ድርጅት ሰዎች መጥተው የተማሪዎቹን ሥራ ስለሚያዩ፣ የምሳ ሰዓቱ ክፍል የመጨረሻ ልምምድ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን ያሳያል፤ ሰዎች ያንን ነገር በምን በምን አባባል ሊጠይቁ እንደሚችሉ የጻፈውን ዝርዝርም ያነባል። ከአጠገቧ የሚቀመጠው የኳስ ውጤት የሚናገር ፕሮግራም የሠራ ጎረምሳ አራት አባባል ጽፏል። ሌላዋ አምስት። የእሷ ተራ ሲደርስ ወረቀቱን ዘረጋችው፣ ወረቀቱም ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠለጠለ። የሠራችው ውኃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈሯ ተራው የማን እንደሆነ የሚናገር ፕሮግራም ነው፤ ዝርዝሩ ስልሳ ሦስት አባባል አለው።

«ውኃ መጣ?» ብላ ጀመረች። «ዛሬ የእኛ ተራ ነው? ቧንቧው ተነፈሰ? ባልዲ ላውጣ ወይስ ልተኛ? ከታች ሰፈር ለቀቁላቸው ሲሉ ሰማሁ። ኧረ ልብስ ነክሬ ነበር...»

መምህሩ እጁን አነሳ። «ይቅርታ፣ የመጨረሻው እኮ ጥያቄ አይደለም።»

«ልብስ ነክራ ውኃ ለሄደባት ሴት ከዚህ በላይ ጥያቄ የለም» አለችው።

የኳሱ ጎረምሳ ድምፁን አቅጥኖ ወደ ማሽኗ ጠጋ አለ። «ሰሚ፣ ኧረ ልብስ ነክሬ ነበር።» ሰሚ ጭጭ አለች። ክፍሉ በአንድ አፍ «እትዬ ቅንፍ» አለ። አርባ አንደኛው መስመር ላይ ያልተዘጋችው ቅንፍ ተገኘችና ተዘጋች፣ ጎረምሳው ደገመ፣ ሰማያዊው መብራት በራ። «ወደ እናንተ የሚለቀቀው አሥር ሰዓት ላይ ነው» አለች ሰሚ። «እስከዚያ ሳሙናውን አይጨምሩበት።» ሳቁ ከታች የቀለም ሻጩን ቀና አሰኘው ይባላል። መምህሩም ሳቀና ዝርዝሩን ከእጇ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቃት፣ ስልክ እንደምታነሳ ነገረችው። ሰው የሚፈልገውን ፊት ለፊት አይናገርም አለችው፤ ቀጠሮ ስትሰጠው እንኳ በአጭሩ «እሺ» ያለ ይመጣል፤ «እሺ እሺ» ብሎ የደገመ አይመጣም፤ «እሺ እንግዲህ» ያለ ሚስቱ ከገፋችው ይመጣል፤ «እሺ፣ እኔው እደውላለሁ» ያለውን ደግሞ እዚያው መሰረዝ ነው። ወጣቶቹ እስክሪብቶ አንስተው መጻፍ ጀመሩ። ሲወጡ መምህሩን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ የምንሠራው ነገር ስልክ ተቀባይን ከሥራ ያስወጣል?»

ልጁ ሊዋሽ አሰበ፣ አልሆነለትም። «እንደ ሠሪው ነው፣ እትዬ» አላት። «ማታ ግን እንዳይቀሩ። ሰው እንዴት እንደሚናገር የሚያውቅ ሰው ነው የቸገራቸው። ስለ እርስዎ ነግሬያቸዋለሁ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ክሊኒክ ስትመለስ ጠረጴዛዋ ላይ ሰሚ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ልክ ያችው ናት፣ ብርጭቆ የምታህለው። አጠገቧ ላፕቶፕ ያቀፈ አንድ ቴክኒሻን የእሷን ወንበር ይዟል፤ ሐኪሙ ደግሞ በር ላይ ቆሞ የጋዋኑን ቁልፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። «እታለም፣ ዛሬ ትንሽ ሙከራ ነገር አለ» አላት። «ለአንድ ሁለት ሰዓት ስልኩን እሷ ታነሳለች። አንቺ አረፍ በይ።» ከዚያም ምን ዓይነት ሙከራ ነው ብላ ሳትጠይቀው የሚጠብቀው በሽተኛ አለ ብሎ ሹልክ አለ። ቴክኒሻኑ የሚመጣው ጥሪ ሁሉ በድምፅ ማጉያ እንደሚሰማ፣ የደዋዩም ቁጥር ስክሪኑ ላይ እንደሚወጣ አስረዳት። «እርስዎ ዝም ብለው ያዳምጡ፤ ምንም እንዳይነኩ» አላት። እሷም የቀረላትን ወንበር ስባ፣ ያን እግረ አጭሩን፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ያወዛውዛል፣ ግን የሚባለውን ያህል አይደለም።

የመጀመሪያዋ ደዋይ በሳምንት አንዴ መደወል የማይቀሩ ባልቴት ነበሩ። «እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ፣ ቤት ደህና? ወንድምሽ ደህና? ጉልበትሽስ?» አሉ። «ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለች ሰሚ ማር በተቀባ ድምፅ፤ «ቀጠሮ ለመያዝ ‹ቀጠሮ› ይበሉ።» «ምነው ልጄ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?» «ይቅርታ፣ አልገባኝም።» «እኔ እኮ ባለፈው ስለ ጫማሽ የተናገርኩት ለክፋት አይደለም» አሉና በሐዘን ዘጉት። ቀጥሎ የደወለው ሰውዬ ሐኪሙን ፈልጎ «ያ ልጅ አለ?» ሲል፣ «ያ ልጅ» የሚባል ባለሙያ እንዳልተገኘ ተነገረው። ሦስተኛው «እሺ እሺ፣ እሺ እሺ» እያለ ለመገላገል ሲሞክር ሰሚ ማክሰኞም ረቡዕም መዘገበችው። ተራ የሚጠራቸው ጠፍቶ ወንበር ላይ ሲቁነጠነጡ የቆዩ አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ ምርር ብሏቸው «እዚህ ቤት ሰሚ የለም ማለት ነው?» ቢሉ፣ ሰማያዊው መብራት ቦግ አለና «አለሁ፣ ምን ልታዘዝ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ስልክ ተቀባይዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች፤ እውነቱን ለመናገር ያን ከሰዓት በኋላ ደስ ብሏት ነበር። የሌላ ሰው ሥራ ሳይሳካ ሲቀር ቁጭ ብሎ እንደ ማየት ያለ ነገር የለም፤ ያውም ደሞዝ እየተከፈለ።

ስምንት ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ነው ልብስ ሰፊው የደወለው። ሱቁ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነው፤ አፈ ንጹሕ ሰው ነው፤ ሲናገር ቃሉን እንደ ጨርቅ በመቀስ ልክ ልክ አድርጎ ነው የሚቆርጠው። «እኔ... ከትናንት ጀምሮ ትንሽ... አብጦብኝ ነበር» አለ። «ግን ሰው ከበዛባችሁ... ግድ የለም። አላስቸግራችሁም። ይቆየኛል።» ሰሚ አንድ ትንፋሽ ያህል አሰበች። «ቀጠሮ አልፈለጉም። መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብላ ዘጋች። ቴክኒሻኑ ላፕቶፑ ላይ አንድ ነገር ምልክት አደረገ፤ ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ ተስተካክሎ ያለቀ የመጀመሪያው ጥሪ ይኸው ነበርና ፊቱ በራ።

ስልክ ተቀባይዋ ግን ወንበሯ መወዛወዙን አቁሟል። የሚጮህ በሽተኛ አስፈርቷት አያውቅም፤ መጮህ የቻለ ሰው ጉሮሮው ጤነኛ ነው። ይኼ ሰውዬ ግን ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እንዳገላበጠ ሰው ነው የተናገረው፤ በየቃሉ መካከል ምራቁን ለመዋጥ ይታገላል። ደግሞም «ግድ የለም» ያለው አጠር አድርጎ፣ ማውራቱ ራሱ ደክሞት ነው። ተነስታ የስልኩን እጀታ አነሳች።

«እትዬ፣ ሙከራው ይበላሻል» አለ ቴክኒሻኑ።

«ይበላሽ።» ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር መታች። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ጋ። ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቅዎ። ምላስዎን ማውጣት ይችላሉ?»

ትንሽ ቆየ። «አይ... እምቢ ይለኛል።»

«ምራቅ መዋጥስ?»

«ይከብደኛል። ግን እናንተ ሰው ከበዛባችሁ...»

«ቁጭ ይበሉ፤ እንዳይተኙ። ከወንበርዎ እንዳይነሱ፤ እኛ እንመጣለን።» እጀታውን ጣለችና በሩን ሳታንኳኳ ወደ ሕክምና ክፍሉ ገባች። ሐኪሙ ለአንዲት ሴት የማደንዘዣ መርፌ ወግቶ እስኪይዝላት እየጠበቀ፣ እንደተለመደው እያወራላት ነው። «ተነስ፣ አንተ ልጅ» አለችው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሽተኛ ፊት እንዲህ ብላው አታውቅም፤ እሱም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተነሳ። ደረጃውን እየወረደች በአራት ዓረፍተ ነገር አስረዳችው። ሱቁ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ስፌት መኪናው ፊት ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ከአገጩ ሥር ያለው አብጦ አንገትና አገጭ አንድ ሆነዋል፤ አንድ እግሩ ተሰፍቶ አንድ እግሩ የቀረ ሱሪ ጭኑ ላይ አለ። ሐኪሙ እጁን አገጩ ሥር ቢያሳርፍ እንጨት ነው የነካው። ወሬኛው ሰው በአንዴ ዝምተኛ ሆኖ ታክሲ አስቁሞ፣ ሰውየውን ደግፎ አስገብቶ ወደ ሆስፒታል ነጎደ። ልብስ ሰፊው በመስኮት በኩል እጁን ለእሷ እያወዛወዘ ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረመ።

ክሊኒክ ስትመለስ መርፌ የተወጋችዋ ሴት ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ወርዶ፣ እየተኮላተፈች «አሁንሽ እኔ ምን ልሁን?» ትላለች፤ ለነገ ቀጠረቻት። ሽማግሌውንም ኮፍያቸውን መልሰው እንዲያደርጉ አግባብታ ቀን ሰጠቻቸው። ለባልቴቷ ደውላ ጫማውን ራሷም እንደማትወደው ነገረቻቸው። ቴክኒሻኑ ማሽኗን አጥፍቶ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጧል። ከጀርባው ቆማ አየችው። ያንን መስኮት በሚገባ ታውቀዋለች፤ ከቀለም መሸጫው በላይ ሰባት ሳምንት ስታፈጥበት የኖረችው ነው። ለቀጠሮ የተጻፈው አባባል አምስት ብቻ ነው። አምስቱም «ቀጠሮ» የሚል ቃል አለባቸው።

«በሕይወትህ ጥርስህን ታመህ ታውቃለህ?» አለችው።

«አላውቅም።»

«ያስታውቃል። የታመመ ሰው ‹ቀጠሮ› አይልም። ደግሞ ይኼ ሰው ‹ግድ የለም› ሲል ማሽኗ መልካም ቀን ተመኝታ እንድትዘጋ ያደረግኸው አንተ ነህ። ‹ግድ የለም› ካለ ወደ ሰው ይተላለፍ በለው። እዚህ ጋ።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «ቅንፉን ደግሞ እንዳትረሳ።»

ቴክኒሻኑ ቀስ ብሎ ዞረ። «እርስዎ ይሄን ከየት ያውቁታል?»

«ጉልበቴን ስታሽ» አለችው፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም፣ ግን እንዳለችው ጻፈ።

ሐኪሙ የተመለሰው ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ቴክኒሻኑ ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። እሷ ከኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሻይ በሚያፈሉባትና የመገልገያ ካርቶን በሚከምሩባት፣ ቁጭ ብላ የማታውን ወረቀቷን ታነባለች። እሱ ገብቶ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። መግሉን አውጥተውለታል አለ፤ በደም ሥሩ መድኃኒት ጀምረውለታል፤ ተረኛው ሐኪም እስኪመሽ ቢቆይ ትንፋሽ ያጥረው ነበር ብሏል። መንገዱን ሙሉ ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ ሲለኝ ነበር አለ። ከዚያ ዝም ተባባሉ። የእነሱ ዝምታ የለመደ ዝምታ ነው፤ ሁለት ሰው የሚቀመጥበት አሮጌ ሶፋ ይመስላል፣ የት ጋ እንደጎደጎደ ሁለቱም ያውቃሉ። እናትና አባታቸው በተከታታይ የሞቱ ጊዜ እሷ አሥረኛ ክፍል፣ እሱ አምስተኛ ነበሩ። ከሁለቱ አንዳቸው ደብተራቸውን ማስቀመጥ ነበረባቸው። ማን እንዳስቀመጠ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም።

«ጠዋት ሰምተሻል» አለ በመጨረሻ።

«ሰምቻለሁ። ለጥጡ ስትነግረው።»

«እታለም፣ እኔ እኮ... ባለፈው ክረምት ድምፅሽ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ በሹክሹክታ ስልክ ስታነሺ አይቻለሁ። ጉልበትሽ ደግሞ አለ። ቤት አርፈሽ፣ ደሞዝሽ እንዳለ ሆኖ... አንቺ ዕረፍት አይተሽ አታውቂም። ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ ብዬ ነው።»

«እኔ ደክሞኛል ብዬሃለሁ?»

«በሕይወትሽ አንድ ቀን ደክሞኛል ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«ስለዚህ ገመትክ።» ወረቀቷን አጠፈች። ጠዋት ከበሩ ሥር ያነሳችው ቁጣ ቀኑን ሙሉ ይዛው የዞረችው ነበር፤ አሁን ልትወረውረው ስትል ቀሎ አገኘችው። «ማሽኗ ትሻላለች እኮ። እሷ ካልገባት አልገባኝም ትላለች። እኔና አንተ ግን ሳይገባን ሃያ ስምንት ዓመት ስንግባባ ኖርን።»

ሐኪሙ ሊስቅ ፈለገ፣ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና አፍንጫውን ጠረገ። ያኔ ነገረችው። ጉልበቷ ምንም እንዳልሆነ፣ ድሮም ምንም እንዳልነበረ ነገረችው። ስለ ቀለም መሸጫው፣ ስለ አሥራ አንዱ ልጆች፣ ስለ ስልሳ ሦስቱ አባባል ነገረችው። እሱ «አንቺ? ፕሮግራም?» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ሦስቴም መለሰችለት። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰዎች የሚፈልጉትን ሳይናገሩ ሲናገርላቸው የኖረው አንደበቷ የራሷን ፈቃድ ለመናገር ተርበተበተ፤ አንዴ ጀመረች፣ ተወችው፣ እንደገና ጀመረች።

«የምፈልገውን ልንገርህ። ዛሬ ማታ ሰዎቹ ሥራ ከሰጡኝ፣ ጠዋት ጠዋት እዚያ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ እዚህ። ቤት መቀመጥ አልፈልግም። ማሽኗን ከፈለግህ አምጣት፣ ግን የምታወራውን የማስተምራት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይነካትም።»

«ጠዋት ስልኩን ማን ያነሳል?»

«አላውቅም። የእኔ ጉዳይ አይደለም» አለችና፣ ይህን በመናገሯ ራሷም ደነገጠች።

አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ኮቷን ለበሰች፣ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። የመቀበያው ክፍል በር ላይ ስትደርስ ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም አዩት። እጇ በልማድ ተዘረጋ፤ ከዚያ ሰበሰበችውና የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠችበት። ሐኪሙ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ እንደ እንግዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ እጀታውን በሁለት እጁ አነሳው። እሷ ወጣች፤ ግን ደረጃው ላይ ስትደርስ እግሯ ቀስ አለ።

«ሄሎ» ሲል ሰማችው። «እኔ ነኝ... ሐኪሙ ራሴ ነኝ፣ አዎ... እንደምን ዋሉ... ቤት ደህና ነን...» እርሳሷን ሲፈልግ ጠረጴዛው ላይ ዕቃ ሲያንኳኳ ይሰማል። «እሷማ የለችም። ኧረ አልታመመችም፣ ምንም አልሆነችም።» ከማዶ ያሉት ሰው የት ሄደች ብለው ጠይቀውት መሆን አለበት። «ትምህርት ቤት ሄዳለች» አለ። ከማዶ አልተሰማ ይሆን ወይም እሱ ራሱ መልሶ ሊሰማው ፈልጎ ይሆን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፦

«እህቴ ናት እኮ፤ ትምህርት ቤት ሄዳለች።»